የድምፆቹ ቁልፍ ያዥ

«ትርንጎ፣ በሩን ዝጊው» አለኝ ሰይድ በስልክ። ሰይድ የአሠሪዬ የሰዓዳ ታናሽ ወንድም ነው፤ ባሕር ዳር ሆስፒታል ያስታምማት የነበረው እሱ ነው። ሲደውል ሰላምታ ሳያበዛ ወሬ አይጀምርም። የዚያን ዕለት ጠዋት ሰላምታውን ዘሎ ስለ በር ሲያወራኝ ነገሩ ገባኝ። ወረታ ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለችው የአባቷ የቅመማ ቅመም መደብር ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። አንዱን መዝጊያ ብቻ ነበር የከፈትሁት፤ መልሼ ገጠምሁትና ደረጃው ላይ ቁጭ አልሁ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ወጣ ብሎ «ምነው፣ አትከፍችም?» አለኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት የወጣው ስሟ ብቻ ነው። መቀሱን እንደያዘ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። መንገደኛውም እኛን እያየ ቆም ቆም ማለት ጀመረ። ማንም ሳይናገር ሁሉም አወቀ።

ለቅሶው ላይ ከሩቅ የመጡ ዘመዶቿ «ለመሆኑ ሥራዋ ምን ነበር?» ብለው ጠይቀውኛል። «ኮምፒውተር» ብዬ አለፍኋቸው። ምን ልበል? የሰዓዳን ሥራ በአንድ ቃል መናገር አልችልበትም።

ከወረታ ዙሪያ፣ ከቁሐር ሚካኤልም ከይፋግም፣ ብዙ ልጆች ሰው ቤት ሊሠሩ ዓረብ አገር ሄደዋል። እዚያ ሲደርሱ ጥሩ ስልክ ይይዛሉ፤ እናቶቻቸው የያዙት ግን ከመደወልና ከመቀበል ሌላ የማያውቅ ተራ ስልክ ነው። አሠሪዎቻቸው መደወል የሚከለክሏቸው ልጆች ደግሞ የሚችሉት ተደብቀው ድምፃቸውን ቀድተው መላክ ብቻ ነው። ያንን ድምፅ እዚህ ሆኖ የሚቀበልላቸው ሰው ያስፈልግ ነበር። ያ ሰው ሰዓዳ ሆነች።

መጀመሪያ የምትቀበለው በራሷ ስልክ ነበር። እናቶቹ በገበያ ቀን ይመጡና ከበርበሬው ጆንያ ጀርባ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። በዚህ መሐል ሌላ ሰፈር አንድ ነገር ተፈጠረ። አንዲት ልጅ ለእናቷ ብቻ ብላ የተናገረችውን፣ ድምፁ የተላከበት ስልክ ባለቤት ለጓደኞቹ አሰማው። ወሬው ከእጮኛዋ ቤተሰብ ጆሮ ገባና ጋብቻው ፈረሰ። ሰዓዳ ይህን በሰማች ቀን ምሳ አልቀመሰችም።

«ድምፅ ማለት እኮ ጓዳ ነው» አለች። «የሰው ጓዳ ተከፍቶ ያድራል እንዴ?»

ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ኮምፒውተር ነው፤ አዲስ አበባም ጥቂት ዓመት ሠርታበታለች። ወደ ወረታ የመለሳት ልቧ ነው። ልጅ ሳለች የታመመችው ቶንሲል ወደ ልቧ ወርዶ ነበርና ሐኪሞቹ ከቤተሰብሽ አትራቂ ብለዋት ነበር። ከመደብሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ላፕቶፗን ዘርግታ ለድምፆቹ ማስቀመጫ ፕሮግራም መሥራት ጀመረች። እኔን የቀጠረችኝ ያኔ ነው። ቁሐር ሚካኤል ተወልጄ ስላደግሁ ከእናቶቹ ጋር እንዳግባባት ፈልጋ ነበር።

ነገሩን ያስረዳችኝ እንዲህ ብላ ነው። ድምፆቹ የሚቀመጡት ወረታ ሳይሆን ክላውድ በሚሉት፣ ሩቅ አገር ባሉ ኮምፒውተሮች ውስጥ ነው። ሲቀመጡ ይቆለፋሉ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ቁልፍ አለው። ቁልፎቹንም እዚያው ክላውድ ውስጥ ለዚሁ ብቻ የቆመ አገልግሎት ይጠብቃቸዋል። አንድ ቁልፍ ከጠፋ በእሱ የተቆለፈው ሁሉ እንደተቆለፈ ይቀራል። እሷም ብትሆን የአገልግሎቱ ባለቤቶችም ቢሆኑ አይከፍቱትም።

«አያስፈራም ታዲያ?» አልኋት።

«ቁልፍ ነዋ» አለችኝ። «ማንም የሚከፍተው ከሆነማ ምኑን ቁልፍ ሆነ?»

እያንዳንዱ ቁልፍ ሰው በቃሉ ሊይዘው የማይችል ረጅም የፊደልና የቁጥር መለያ አለው። ስለዚህ ቅጽል ስም ይወጣለታል። ቅጽል ስሙ ግን አይቆለፍም፤ ዝርዝሩን ያገኘ ያነበዋል። ለዚህ ነው ሰዓዳ የልጅቷንም የእናቷንም ስም የማታስገባው። «ቤት ውስጥ ስታቆላምጧት ማን ትሏታላችሁ?» ትላቸዋለች። አንዷ ጥርሰ ፍንጭት፣ አንዷ ድንቡሼ፣ ሌላዋ ያባቷ ጦር ብለው አስመዘገቡ። አንድ አባት ልጁን በሚወዳት ላም ስም ቡሬ ብሎ ሲያስጽፍ ሰዓዳ በዚያ ድምፅ በሌለው ሳቋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ማሽኑ የእኛን ፊደል አይቀበልም፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፈውና በአማርኛ ታነበዋለች።

ጠዋት ሥራዋን የምትጀምረው በዚያ ነበር። ቅጽል ስሞቹ እንዲዘረዘሩ ታዛለች። ስሞቹ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እሷም የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ዝግ ባለ ድምፅ አንድ በአንድ ትጠራቸዋለች። ለምን ድምፅ አውጥታ እንደምትጠራቸው አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«ለሥራው እንኳ አያስፈልግም» አለችኝ። «እዚያ ቀኑን ሙሉ 'አንች' ነው የሚሏቸው። እስኪ አንድ ሰው እንኳ በቤት ስማቸው ይጥራቸው ብዬ ነው።»

እናቶቹ ሲመጡ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ታስተካክልና ወጥታ በሩን ገርበብ ታደርገዋለች። አባቷ ጋሽ ይማም ዘንድ ቆማ ኮረሪማ ትለቅማለች። አንድም ቀን የማንንም ድምፅ አልሰማችም። እናትዮዋ እያለቀሰች ብትወጣ «ምን አለችዎት?» አትልም፤ ውሃ ትሰጣታለች፣ በቃ።

ሌላም አመል ነበራት። አብረን መንገድ ስንሄድ ድንገት ቆም ትልና «ቆይ፣ ያችን ላም ልያት» ትላለች። መጀመሪያ ላም የምትወድ መስሎኝ ነበር፤ የከተማ ልጅ ስለሆነች የፎገራ ላም ብርቅ ሆናባት ነው አልሁ። ትንፋሿ ሲያጥራት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከገባኝ በኋላም እንዳልገባኝ ሆኜ አብሬያት ላሟን አያለሁ።

እናና ስንዱ ከእናቴ ቤት ማዶ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። አንድ ልጅ ነበረቻቸው፣ አበቡ የምትባል። አበቡ ዓረብ አገር በሄደች በዓመቱ የላከችው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ሳይመጣ መርዶዋ መጣ። ከፎቅ ወደቀች ነው የተባለው። አስከሬኗ አልመጣም። እናና ስንዱ የሚያለቅሱበት መቃብር እንኳ ስለሌላቸው በገበያ ቀን ዕቃቸውን ሸጠው ሲጨርሱ ወደኛ ይመጣሉ። ሰዓዳ ትከፍትላቸዋለች፣ ያንኑ ድምፅ ሰምተው ይሄዳሉ። ያዳምጣሉ እንጂ አያለቅሱም ነበር። ፊታቸው እንዲያውም ፈካ ብሎ ነው የሚወጡት።

የአበቡ ቁልፍ ቅጽል ስሙ እንቡጤ ነበር። አንድ ጊዜ እናና ስንዱ ወረታ ዘመድ ቤት አድረው በማለዳ መጡና ሰዓዳ ስም ስትጠራ ደረሱ። «እንቡጤ» ስትል ሰሟት። በሩን ተደግፈው እዚያው ቀሩ።

«ሰዓዳ ልጄ» አሉ ሲቆዩ፣ «ከሕያዋን ጋር አትጥሪብኝ። አሁን ስሟን ስትይው 'አቤት' ልትል መስሎኝ ጆሮዬን ጣልሁ።»

ሰዓዳ ተነሥታ እጃቸውን ያዘች። «አነሣዋለሁ እናና። ስሙ ቢነሣ ቁልፉ አይነካም፤ ድምፁን እንደ ድሮው ይሰማሉ። ሌላ ስም ልስጠው ወይ?»

«ተይው። ዝም ይበል።»

እዚያው ፊታቸው ቅጽል ስሙን አነሣችው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ስሞቹ ሲዘረዘሩ እንቡጤ አይወጣም። ፕሮግራሙ ረጅሙን መለያ ስለሚያውቀው ግን እናና ስንዱ በመጡ ጊዜ ድምፁ ይከፈት ነበር። እንዲህ እየሆነ ብዙ ጊዜ ሄደ።

ክረምት ገባ። በነሐሴ ሰዓዳ ጠና አላት። እግሯ አብጦ፣ ተቀምጣ ነበር የምታድረው። ቢሆንም ሥራ ማንጠልጠል አትወድም። ያን ሰሞን የቁልፎቹን ቤት ላጽዳ አለች። ስትጀምር ለመለማመጃ የሠራቻቸው፣ ምንም ያልተቆለፈባቸው ብዙ ቁልፎች ተከማችተው ነበር። ለእነዚያ ቅጽል ስም አውጥታላቸው አታውቅም። የቅጽል ስሞቹን ዝርዝር አወጣች፤ ከዚያ ከጠቅላላ ቁልፎቹ ጋር አመሳከረችና ስም የሌላቸውን በሙሉ እንዲጠፉ አዘዘች። አገልግሎቱ አጥፋ ሲባል ወዲያው አያጠፋም፤ ምናልባት ትጸጸታላችሁ ብሎ ይታገሣል። ሰዓዳ ከሁሉ አጭሩን የመታገሻ ጊዜ መረጠች፣ ሳምንት ያህል።

በማግሥቱ ኔትወርክ ጠፋ። ኢንተርኔቱም ስልኩም አብረው ነው የጠፉት። ምክንያቱን የሚነግረን አላገኘንም፤ ዝናቡ ነው ያለም ነበር፣ ሌላ ያለም ነበር።

የገበያ ቀን ሲደርስ እናና ስንዱ የጎርፉን ውሃ እስከ ጉልበታቸው አቋርጠው መጡ። ሩዙ ጥሩ እንደያዘ፣ ከብቶቹን ግን ወደ ደጋው እንደሰደዱ እያወሩ ተቀመጡ።

«ዛሬ አይሰማም እናና» አለች ሰዓዳ። «ኔትወርኩ ሞቷል፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«አንች ምን ታደርጊ። እንዲያው ልያችሁ ብዬ ነው።» ሻይ አመጣሁላቸው። ፉት አሉና «ስሟንስ? እንዳልሁሽ ነው አይደል? አትጠሪውም?» አሏት።

«አልጠራውም እናና። ከዝርዝሩ ካወጣሁት…» አለችና አፏ ላይ ቀረ።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። እናና ስንዱ ልብ አላሉም፤ ሻያቸውን ጨርሰው፣ መርቀውን ወጡ። ሰዓዳ እስከ ደጅ ሸኘቻቸው። ተመልሳ ስትመጣ አልተቀመጠችም።

«ትርንጎ» አለችኝ፣ «አበቡን ከመለማመጃዎቹ ጋር አብሬ እንድትጠፋ አዝዣለሁ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ስም የሌለው ቁልፍ፣ ስም የሌለው ቁልፍ እያለች ደጋገመችልኝ፤ እንቡጤ ከተነሣ ወዲህ የአበቡም ቁልፍ ስም የለውም ነበር። ያኔ ነው የገባኝ።

«አልጠፋችም ገና» አለች። «ጊዜ አለ። ኔትወርክ ያለበት አገር ከደረስሁ ተውሁት እላለሁ፣ ያበቃል።»

ለእናና ስንዱ ያን ዕለት ያልነገረቻቸው መልሼው እነግራቸዋለሁ ብላ ነው። በማግሥቱ ሰይድ ደብረ ታቦር ወጥቶ ተመለሰ፤ እዚያም ያው ነው። ባሕር ዳር ግን እንዳለ ሾፌሮች ነገሩን። ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን አስፋልት የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ወጥቶበት መኪኖች ወዲህና ወዲያ ተሰልፈው ቆመዋል። የቀረው በእግር በደጋው ዞሮ አንበሳሜ መግባት፣ ከዚያ መኪና መያዝ ነው። ሰይድ እሄዳለሁ አለ። ሰዓዳ ግን መክፈቻ ቃሉን ብታውቀውም ማዘዙን አትችለውም አለችው። አንድ ፊደል ቢሳሳት ሌላዋን ልጅ ያጠፋታል ብላ ፈራች።

ጋሽ ይማም በሩ ላይ ቆሙ። «በዚህ ልብሽ? በዚህ ዝናብ?»

«አባ፣ አደራ ነው።»

ካፖርታቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ አደረጉላት። እኔንም «እንዳትለያት» አሉኝ።

በደጋው ወደ አገራቸው ከሚመለሱ የደራ ሰዎች ጋር ተከትለን ወጣን። ላፕቶፑን በላስቲክ ጠቅልዬ እኔ ያዝሁት። ሰዓዳ ጥቂት ትራመድና «ቆይ፣ ያችን ላም ልያት» ትላለች። ከሜዳው የሸሸው ከብት ሁሉ ደጋው ላይ ስለነበረ ላም አልጠፋም። እቆምላታለሁ፣ አያለሁ፣ እንሄዳለን። አንድ ወንዝ ላይ አንድ አርሶ አደር ያለ ምንም ጥያቄ አዝሎ አሻገራት። ካወረዳት በኋላ «ምን የሚያስቸኩል ነገር አገኛችሁ፣ በዚህ ወቅት?» አለን። «የታመመ ሰው አለን» አልሁት፤ ሌላ ምን ብዬ ላስረዳው? ዳገቱን ስንጨርስ እንደገና ቆመች። «ቆይ፣ ያችን ላም ልያት» አለች። ቀና ብዬ ሳይ ከፊታችን ያለው ከዳር እስከ ዳር ውሃ የተኛበት የፎገራ ሜዳ ብቻ ነው። አንድም ላም የለም። እኔም ዝም ብዬ አየሁላት።

አንበሳሜ አደርን። በማግሥቱ አውቶቡስ ይዘን ባሕር ዳር ገባንና ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለ ኢንተርኔት ቤት ተቀመጥን። ጫማችን ጭቃ ስለነበር ባለቤቱ ወለሉን እያየ ነበር የሚያስተናግደን። ሰዓዳ መጀመሪያ ያደረገችው ቅጽል ስሞቹን መዘርዘር ነው። እጇ የለመደውን ነው ያደረገው መሰለኝ። ጥርሰ ፍንጭት፣ ድንቡሼ፣ ያባቷ ጦር፣ ቡሬ… ሁሉም ወረዱ። ከዚያ ረጅሙን መለያ አስገብታ ቁልፉን ጠየቀች።

እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም አላት።

እንደገና አስገባች። ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች አረጋገጠች። ያው ነው። ጊዜው ያለቀው እኛ አንበሳሜ ተኝተን ሳለ ነበር። ለአገልግሎቱ ሰዎች ጻፈችላቸው፤ በጨዋነት መለሱላት፣ አንዴ የጠፋ ቁልፍ እነሱም አይመልሱትም። እሷ ይህንን ከማንም በፊት ታውቀው ነበር።

«ድምፁ አለ እኮ» አለችኝ፣ በላፕቶፑ ማያ ላይ እያሳየችኝ። «ይኸው፣ እዚያው ነው ያለው። ስንት እንደሚከብድ ሁሉ ይታያል።» ከዚያ ላፕቶፑን ከደነችና ግንባሯን በላዩ ላይ አደረገች። ባለቤቱ ሒሳብ ሊጠይቅ መጥቶ አይቷት ተመለሰ።

ጎርፉ ሲጎድል እናና ስንዱ ቤት ሄድን። እኔ ልንገራቸው ብላት እምቢ አለች። ደጃፋቸው ላይ ሩዝ እያበጠሩ አገኘናቸው። ወተት አመጡልን። ሰዓዳ ወተቱን ሳትነካ፣ ምንም ሳታስውብ ነገረቻቸው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት አለች። ማሽኑ ነው፣ ኔትወርኩ ነው፣ ታምሜ ነው አላለችም።

እናና ስንዱ ሰፌዱን ከጭናቸው አወረዱ።

«አሁን አይከፈትም?»

«አይከፈትም።»

«ምንጊዜም?»

«ምንጊዜም፣ እናና።»

አልጮኹም። ነጠላቸውን አስተካከሉና «አንች ሰምተሽው አታውቂም አይደል?» አሏት። ሰዓዳ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያ ስሚው። ቃሉን አውቀዋለሁ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። «እናና፣ እኔ ነኝ፣ አበቡ ነኝ። ደኅና ነሽ ወይ? እኔ ደኅና ነኝ። ሙቀቱ ነው እንጅ ደኅና ነኝ። ጊደሯ ወለደች ወይ? ወተቷን ለሰው ሁሉ አታድይ፣ ራስሽ ጠጭ። እዚህ ወተት የሚጠጣው ከሳጥን ነው፤ ላሟን ያያት ሰው የለም…»

ቆም አሉ።

«እዚህ ላይ ትስቃለች» አሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሊሞክሩት ፈልገው ነበር፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም። «ሳቋን… ሳቋን እንዴት ላድርገው? ቃሉንማ አውቀዋለሁ።»

ያኔ አለቀሱ። መርዶው ከመጣ ወዲህ ሲያለቅሱ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ሰዓዳ እግራቸው ሥር ተደፋች። አነሧት፣ ዓይኗን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት፣ ወተቱንም በግድ አስጠጧት። ስንነሣ ግን እንዲህ አሏት፦ «አልተቀየምሁሽም፣ ወላዲቱን። ወደዚያ ቤት ግን ከእንግዲህ እግሬ እሽ አይለኝም።»

ከዚያ በኋላ ሰዓዳ ሥራዋን አልተወችም። እንዲያውም የባሰ ተጠነቀቀች፤ ስም የሌለው ቁልፍ አልቀረም፣ ማጥፋት የሚባለውንም ትእዛዝ ከራሷም ከእኔም ከለከለች። ግን ጠዋት ጠዋት ስሞቹን ትዘረዝራለች እንጂ ድምፅ አውጥታ አትጠራቸውም። ዝም ብለው ይወርዳሉ፤ ዝም ብላ ታያቸዋለች። በገበያ ቀን እናና ስንዱ በሚመጡበት ሰዓት ማዳመጫውን ትወለውልና ወንበሩን ወደ ግድግዳው ታዞረዋለች፣ እሳቸው እንደሚወዱት አድርጋ። ሌላ እናት ልትቀመጥበት ስትል ፈጠን ብላ ሌላ ወንበር ትሰጣታለች። አልመጡም። አንድም ቀን «ለምን አልመጡም» አላለችም። ገበያው ሲበተን ወንበሩን ወደ ቦታው ትመልሰዋለች።

ሩዙ ታጭዶ፣ ጥር ሲገባ መተንፈስ አቃታት። ባሕር ዳር ወሰዷት። ልትሄድ ስትል መኪናው ውስጥ ሆና መክፈቻ ቃሉን በጆሮዬ ነገረችኝና «ደግመሽ ንገሪኝ» አለችኝ። ደገምሁላት። «ዝርዝሩን በየጠዋቱ እያየሽ» አለች። ለማጽናናት «ራስሽ መጥተሽ ታይዋለሽ» አልኋት። ፈገግ ብላ እጄን ጨበጠችኝ። ሰይድ በሩን ዝጊው ብሎ የደወለልኝ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው።

በዚያው ዕለት አምጥተው ቀበሯት። ወረታ ያለ ክርስቲያንም እስላምም ወጣ። እኛ ሴቶቹ ቤት ተቀምጠን ነበር፤ ደጁ ላይ ሁካታ ሰማሁና ወጣሁ። እናና ስንዱ ናቸው፣ ከቁሐር ሚካኤል በእግራቸው መጥተው። ደጃፉን ሲያዩ ቆሙ፤ ደግፌ አስገባኋቸው። ከሰዓዳ እናት አጠገብ ተቀመጡ። ሁለቱ አይተዋወቁም። ተያይዘው እስኪመሽ ተቀመጡ።

ለቅሶው እንዳበቃ ጋሽ ይማም «ክፈችው» አሉኝ። «እናቶቹ ይመጣሉ።» ከፈትሁት። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ከይፋግ አንዲት እናት መጡ፤ እናና ካሳነሽ ይባላሉ። ልጃቸው የሺ በቅርብ ነው የሄደችው። የሰዓዳን ሞት መንገድ ላይ ሰምተው ዓይናቸው አብጦ ነው የገቡት። ከልጃቸው አዲስ ድምፅ መጥቶላቸው ነበር። ከፍቼ ልወጣ ስል እጄን ያዙኝ። «ዛሬ ብቻዬን አልችልም፣ አብረሽኝ ስሚ» አሉኝ። የሰው ድምፅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

የሺ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ራስ ምታቷ አወራች። መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እናና፣ ለሰዓዳ ሰላም በይልኝ» አለች። «የሷን ነገር እንዳትረሽ። ስመጣ የማመጣላትን ሻሽ ከአሁኑ ገዝቼላታለሁ፣ ሰማያዊ ነው። ትወደው እንደሁ ጠይቂልኝ።»

ሁለታችንም ማያውን እያየን ቀረን። ገበያተኛው ውጭ ይጫጫል።

«ልንገራት?» አልኋቸው።

«ውይ፣ እንዳታደርጊው» አሉ። «ብቻዋን ናት እኮ። አይዞሽ የሚላት ሰው በሌለበት አገር ማን ያረዳታል? ስትመጣ፣ እዚህ፣ በሰው መሐል ትስማው።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ ተነፈሱ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «መልሱን ልናገር፣ ክፈችልኝ» አሉኝ።

መቅጃውን ከፈትሁላቸው። ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ፣ ቤታቸው ተቀምጠው እንደሚያወሩ ሆነው ተናገሩ። ስለ ራስ ምታቷ መከሯት፣ ስለ ታናናሾቿ ነገሯት። «ሰዓዳ ደኅና ናት» አሏት። «ሰማያዊ እወዳለሁ ብላለች። እዚሁ አጠገቤ ናት፣ ሰላም ትልሻለች።»

ጨረሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ላኪላት» አሉኝ።

ላክሁላት።